ዲናሞው ባትሪ አልሞላ ሲል፦ ከመፍታታችሁ በፊት ደረጃ በደረጃ ለኩ

ባትሪው አዲስ ነው፤ ጠዋት ግን መኪናው አይነሳም። ዲናሞው ተቀይሯል፤ የባትሪ መብራቱ ግን አሁንም አልጠፋም። በዚህ የሚቸገር አሽከርካሪ ብዙ ነው። አብዛኛውን ጊዜ ችግሩ የመጣው ማንም ሳይለካ ዕቃ ስለተቀየረ ነው።

ዲናሞ ወይም አልተርኔተር ባትሪ ለመሙላት አራት ነገር ይፈልጋል። የሚያዞረው ቺንጊያ፣ ማለትም የጎማ ቀበቶ። ሥራ እንዲጀምር የሚቀሰቅሰው ትንሽ ኤሌክትሪክ። ያመነጨውን ወደ ባትሪ የሚያደርስ ጤነኛ ወፍራም ገመድ። በማሳ፣ ማለትም በሞተሩና በቦዲው ብረት በኩል የሚመለስበት ንጹሕ መንገድ። ከአራቱ አንዱ ከጎደለ ከካርቶን የወጣ አዲስ ዲናሞም አይሞላም። ስለዚህ ዲናሞውን የምንፈታው እነዚህን አራቱን አይተን ከጨረስን በኋላ ነው።

የምሰጣችሁ ቁጥሮች ለ12 ቮልት መኪና ናቸው። 24 ቮልት በሆነ ከባድ መኪና ላይ የባትሪና የቻርጅ ቁጥሮቹን በሁለት አባዙ። መኪናችሁ ሃይብሪድ ወይም ኤሌክትሪክ ከሆነ በዚህ መመሪያ አትሥሩ። ብርቱካናማ ሽፋን ያለው ገመድ ሰው የሚገድል ቮልት ስለሚሸከም አትንኩት።

## መጀመሪያ ጥንቃቄ

ሞተሩ እየሠራ የባትሪ ገመድ አትንቀሉ። «ገመዱን ንቀለው፤ መኪናው ካልጠፋ ዲናሞው ደህና ነው» የሚባለውን ፍተሻ ሁላችንም ሰምተነዋል። እባካችሁ አትሞክሩት። ዲናሞው እያመነጨ ባትሪው በድንገት ሲነቀል ቮልቱ ለቅጽበት ከ40 በላይ ሊዘል ይችላል። በዚያች ቅጽበት የዲናሞው ዳዮድ (ያመነጨውን ለባትሪ ወደሚሆን ዲሲ የሚቀይረው)፣ ሬጉላተሩ (ቮልቱን የሚቆጣጠረው) እና የመኪናው ኮምፒውተር ሊቃጠሉ ይችላሉ። መኪናው ባይጠፋም እንኳ ዲናሞው በቂ እያመነጨ መሆኑን አታውቁም። የጥቂት ደቂቃ የቴስተር ሥራ ከዚህ በላይ ይነግራችኋል።

ሌሎቹን በአጭሩ፦

- ቀለበት፣ ሰዓትና የእጅ ሰንሰለት አውልቁ። ቀለበት በፖዘቲቭና በብረት መካከል ከገባ ግሎ ጣት ያቃጥላል።
- ፀጉር፣ ሻርፕና የተንዘረፈፈ እጅጌ ሰብስቡ። ሞተሩ ሲሠራ እጃችሁንና የቴስተሩን ገመድ ከቺንጊያና ከማራገቢያ አርቁ። የኤሌክትሪክ ማራገቢያ ሞተሩ ከጠፋ በኋላም በድንገት ሊነሳ ይችላል።
- ባትሪ ሲሞላ ሃይድሮጅን ጋዝ ያወጣል። ሲጋራና ክብሪት አታስጠጉ።
- የባትሪ አሲድ ቆዳ ወይም ዓይን ከነካ ወዲያው በብዙ ውሃ እጠቡ። ዓይን ከሆነ ታጥባችሁ ሐኪም ዘንድ ሂዱ።
- ገመድ ስትፈቱ መጀመሪያ ነጌቲቭ፣ ስትመልሱ መጨረሻ ላይ ነጌቲቭ። ይህ ቅደም ተከተል የመፍቻ ቁልፉ ቦዲ ቢነካ ሾርት እንዳይፈጠር ያደርጋል።

## የሚያስፈልጋችሁ ዕቃ

የግድ የሚያስፈልገው ቴስተር ወይም መልቲሜትር ነው። ርካሹም ይበቃል። ከእሱ ሌላ የባትሪ ቻርጀር፣ የመፍቻ ቁልፎች፣ ካቻቪቴ፣ የሽቦ ብሩሽ፣ ጥሩ የእጅ ባትሪ፣ ጓንትና የዓይን መከላከያ መነጽር አዘጋጁ።

ቴስተሩን እንዲህ አስተካክሉ። ጥቁሩ ዘንግ «ኮም» የሚለው ቀዳዳ ውስጥ፣ ቀዩ ደግሞ የቮልትና የኦም ምልክት ያለበት ቀዳዳ ውስጥ ይሁን። መዞሪያውን ዲሲ ቮልት 20 ላይ አድርጉ። ቀዩ ዘንግ 10 አምፒር የሚለው ቀዳዳ ውስጥ ሆኖ ባትሪ ብትነኩበት ሾርት ይሆናል፤ የቴስተሩ ፊውዝ ይቃጠላል፣ ወይም ዘንጉ እጃችሁ ላይ ይግላል። ከእያንዳንዱ ልኬት በፊት ቀዳዳውን የማየት ልማድ ይኑራችሁ።

## ደረጃ 1፦ የባትሪ መብራቱ ምን ይላል?

ሞተሩን ሳታስነሱ ቁልፉን ኦን ላይ አድርጉ። ዳሽቦርዱ ላይ ያለው የባትሪ ምልክት መብራት አለበት። ሞተሩ ሲነሳ መጥፋት አለበት።

1. ቁልፉ ኦን ሆኖ ጭራሽ አይበራም። አምፖሉ፣ የዳሽቦርዱ ፊውዝ ወይም ከዲናሞው የሚመጣው ቀጭን ሽቦ ችግር አለበት። በብዙ ቆየት ያሉ መኪናዎች ዲናሞውን የሚቀሰቅሰው ኤሌክትሪክ በዚህ አምፖል በኩል ያልፋል። አምፖሉ ሲቃጠል ዲናሞው ጤነኛ ሆኖ ሳይሞላ ይቀራል። ወደ ደረጃ 7 ዝለሉ፤ ምናልባት ችግሩ እዚያው ያልቅ ይሆናል።
2. ሞተሩ ተነስቶም አይጠፋም። ዲናሞው አያመነጭም ወይም ቺንጊያው አያዞረውም። በቅደም ተከተሉ ቀጥሉ።
3. ደብዘዝ ብሎ ይበራል። ዳዮድ ወይም ገመድ ላይ ቮልት የሚያባክን ግንኙነት ጠርጥሩ። ደረጃ 6ን እና 8ን አትዝለሉ።
4. አንዴ ይበራል፣ አንዴ ይጠፋል። ቺንጊያ ይንሸራተታል፣ ሶኬት ላልቷል፣ ወይም ካርቦኑ (ለሚሽከረከረው የዲናሞው ውስጥ ኤሌክትሪክ የሚያደርሰው) አልቋል።

መብራቱ በአግባቡ በርቶ ጠፋ ማለት ግን ዲናሞው ደህና ነው ማለት አይደለም። በግማሽ ኃይል የሚሠራ ዲናሞ መብራቱን ሊያጠፋው ይችላል።

## ደረጃ 2፦ ባትሪውን ለብቻው ፈትሹ

ባትሪው ካልታወቀ የቀረው ልኬት ሁሉ ያሳስታል። አንድ ሴሉ የሞተ ባትሪ ጤነኛ ዲናሞን በሽተኛ ያስመስላል።

መኪናው ጥቂት ሰዓት ከቆመ በኋላ ለኩ። አሁን ከመንገድ የገባ ከሆነ የፊት መብራቱን 2 ደቂቃ አብርታችሁ አጥፉና ትንሽ ጠብቃችሁ ለኩ። አለበለዚያ ገና ያልረገበው ቮልት ባትሪውን ከሆነው በላይ ሙሉ ያስመስለዋል። ቀዩን ፖዘቲቭ ላይ፣ ጥቁሩን ነጌቲቭ ላይ አድርጉ።

- 12.6 እና ከዚያ በላይ፦ ሙሉ ነው።
- 12.4 አካባቢ፦ ሦስት አራተኛ ያህል።
- 12.2 አካባቢ፦ ግማሽ።
- 12.0 እና ከዚያ በታች፦ ባዶ ሊሆን ተቃርቧል።
- 10.5 አካባቢ ከሆነና ሞልታችሁትም ተመልሶ እዚያው ከወረደ፦ አንድ ሴል ሞቷል። ባትሪው ይቀየር።

ከ12.4 በታች ከሆነ ከመቀጠላችሁ በፊት በቻርጀር ሙሉት። በኬብል አስነስታችሁ «ዲናሞው ይሙላው» አትበሉ። ዲናሞ የተሠራው የወረደችውን ለመመለስ እንጂ ባዶ ባትሪን ከዜሮ ለመሙላት አይደለም። ለረጅም ጊዜ በሙሉ ኃይሉ ሲገፋ ይግላል፤ ዳዮዱም ይጎዳል። አዲስ የተገጠመ ዲናሞ ቶሎ ከሚሞትባቸው ምክንያቶች አንዱ ይኸው ነው።

ባትሪው ሞልቶ ሲያበቃ አንድ ሰው ሞተር እንዲያስነሳ አድርጉና በዚያች ቅጽበት ቮልቱን ተመልከቱ። ወደ 10 አካባቢ መውረዱ የተለመደ ነው። ከ9.6 በታች ከወረደ ባትሪው ደክሟል።

እዚያው እያላችሁ የባትሪውን ገመድ ማያዣዎች በእጃችሁ አዙሯቸው። በእጅ የሚዞር ማያዣ ልል ነው። ነጭ ወይም አረንጓዴ ዱቄት ካለበት ነጌቲቩን አስቀድማችሁ ሁለቱንም ፍቱ፤ በቤኪንግ ሶዳና በውሃ አጥባችሁ አድርቁ፤ በሽቦ ብሩሽ ብረቱ እስኪያበራ ፈትጉ። ማያዣውን ከውስጥ በኩልም ፈትጉ፤ ብዙ ሰው የሚረሳው እሱን ነው። ሶዳው ወደ ባትሪው ሴል እንዳይገባ ክዳኖቹ መዘጋታቸውን እዩ።

## ደረጃ 3፦ ቺንጊያ

ሞተሩን አጥፉ፤ ቁልፉንም ከመኪናው አውጡ።

ቺንጊያው ተሰንጥቋል? ጠርዙ ተበጣጥሷል? ዘይት ነክቶታል? የውስጥ ፊቱ እንደ መስታወት ያብለጨልጫል? ከነዚህ አንዱ ካለ ቀይሩት። ዘይት የነካው ከሆነ ግን መጀመሪያ ዘይቱ የሚያፈስበትን ቦታ ካልዘጋችሁ አዲሱም ያንኑ ይሆናል።

በእጅ የሚወጠር ከሆነ በሁለት ፑሊ መካከል ያለውን ረጅሙን ክፍል በአውራ ጣት ጫን በሉት። በብዙ መኪና 10 ሚሊሜትር ያህል ቢገባ ተገቢ ነው። ብዙ ከገባ አጥብቁት። እንደ ክራር ክር እስኪጮህ ግን አትወጥሩት፤ ከልክ ያለፈ ውጥረት የዲናሞውንና የውሃ ፓምፑን ኩሽኔታ (ቤሪንግ) ይበላል። ራሱን የሚወጥር መሣሪያ ካለው ሞተሩ ሲሠራ መወጠሪያው በኃይል ይንዘፈዘፋል ወይ ብላችሁ ከሩቅ ተመልከቱ።

ሞተሩ እንደተነሳ ወይም ትልቅ መብራት ሲበራ «ጢጢጢ» የሚል የሾለ ድምፅ ከመጣ ቺንጊያው እየተንሸራተተ ነው። ለዚህ ተብሎ የሚነፋውን ስፕሬይ እኔ አልመክርም። ድምፁን ለጥቂት ጊዜ ይደብቀዋል እንጂ መንሸራተቱን አያቆመውም።

አንዳንድ መኪናዎች ላይ የዲናሞው ፑሊ በአንድ አቅጣጫ ብቻ ይይዛል፤ በሌላው ነጻ ይሽከረከራል። ይህ ፑሊ ሲበላሽ ቺንጊያው ይዞራል፣ የዲናሞው ውስጥ ግን ቆሞ ይቀራል። ቺንጊያው ወርዶ ፑሊው የዲናሞውን ውስጥ ሳያዞር በሁለቱም አቅጣጫ ከተሽከረከረ የሚቀየረው ፑሊው ነው፤ ዲናሞው ሙሉ በሙሉ መጣል የለበትም።

## ደረጃ 4፦ ሞተሩ እየሠራ ለኩ

ቴስተሩን ባትሪው ላይ አድርጉ። ሞተሩን አስነሱ። የአየር ማቀዝቀዣውን (ኤሲ)፣ ሬዲዮና መብራት አጥፉ። ነዳጅ ትንሽ ሰጥታችሁ በደቂቃ 1500 ዙር ያህል ላይ ያዙት።

ከ13.8 እስከ 14.5፦ ዲናሞው እየሞላ ነው። አሁን ረጅም መብራቱን፣ የማሞቂያውን ነፋስና የኋላ መስታወት ማሞቂያውን አብሩና ዙሩን ወደ 2000 አሳድጉ። ከ13.2 በላይ ከቆየ ጥሩ ነው። ጭነት ሲበዛበት ወደ 12 ከወረደ ዲናሞው በግማሽ ኃይል ነው የሚሠራው፤ ደረጃ 6 እና 8 ይጠብቋችኋል። በሚኒሞ፣ ማለትም ነዳጅ ሳይረገጥ፣ ትንሽ መውረዱ አያስደንግጣችሁ።

ሞተሩ ከመነሳቱ በፊት ከነበረው እኩል ወይም በታች፣ እየዋለም የሚወርድ፦ ምንም አይሞላም። ወደ ደረጃ 5 እለፉ።

ከ15 በላይ፦ ከመጠን በላይ እየሞላ ነው፤ ይህ ካለመሙላት የባሰ ነው። ሬጉላተሩ ወይም የባትሪውን ቮልት የሚነግረው ቀጭን ሽቦ ተበላሽቷል። ባትሪው ከጋለ፣ ካበጠ ወይም የተበላሸ እንቁላል ከሸተተ ወዲያው ሞተሩን አጥፉ፤ ኮፈኑን ከፍታችሁ ራቁ፤ እስኪበርድ ምንም ገመድ አትንኩ።

ለአዳዲስ መኪና ባለቤቶች አንድ ነገር ልጨምር። ብዙ አዳዲስ መኪናዎች ላይ የቻርጁን መጠን የሚወስነው ኮምፒውተሩ ነው። ባትሪው ከሞላ ነዳጅ ለመቆጠብ ሆን ብሎ ወደ 12.6 አካባቢ ሊያወርደው ይችላል። አንድ ጊዜ ለክታችሁ «ሞቷል» አትበሉ። የፊት መብራትና ነፋሱን አብሩና እንደገና ለኩ። ቮልቱ ከጨመረ ሥርዓቱ እየሠራ ነው።

## ደረጃ 5፦ ወፍራሙ ገመድና ዋናው ፊውዝ

ሞተሩን አጥፉ። ዲናሞው ጀርባ ላይ ወፍራም ገመድ በብሎን የታሰረበት ቦታ አለ። ብዙ ጊዜ የጎማ ቆብ ይሸፍነዋልና ቆቡን ገልጡ። ይህ ብሎን ሞተሩ ጠፍቶም ከባትሪው ጋር የተገናኘ ነው። ብረት አስነክታችሁ ከቦዲ ጋር ካገናኛችሁት በኃይል ያፈነዳል።

ቀዩን ዘንግ በብሎኑ ላይ፣ ጥቁሩን በባትሪው ነጌቲቭ ላይ አድርጉ። ባትሪው ላይ ያያችሁት ቮልት እዚህም መታየት አለበት። ዜሮ ከሆነ በመካከል ያለው ዋና ፊውዝ ተቃጥሏል ወይም ገመዱ ተቆርጧል። ፊውዙ አብዛኛውን ጊዜ ኮፈኑ ሥር ባለው የፊውዝ ሳጥን ውስጥ ወይም ባትሪው ፖዘቲቭ ላይ ነው። ትልቅ ነው፤ 80፣ 100 ወይም 120 አምፒር ተጽፎበት ልታዩት ትችላላችሁ።

ፊውዙ ተቃጥሎ ካገኛችሁት አትቸኩሉ። ይህ ፊውዝ ያለ ምክንያት አይሄድም። ባትሪ ተገልብጦ ታስሮ ነበር? በኬብል ሲነሳ ፖዘቲቭና ነጌቲቭ ተምታቶ ነበር? ከሆነ የዲናሞው ዳዮዶችም አብረው ሳይሄዱ አልቀሩም። አዲስ ፊውዝ ከመክተታችሁ በፊት የባትሪውን ነጌቲቭ ንቀሉ፤ ወፍራሙን ገመድ ከዲናሞው ፍቱ። ከዚያ በኦም በብሎኑና በዲናሞው አካል መካከል ለኩ፤ ዘንጎቹን አቀያይራችሁም ድገሙት። በሁለቱም አቅጣጫ ዜሮ አካባቢ ካሳየ ዳዮዱ ሾርት ሆኗል። ይህ ዲናሞ መጠገን ወይም መቀየር አለበት።

በፊውዙ ቦታ ሽቦ ወይም የሲጋራ ወረቀት መጠቅለል ክልክል ነው። የሚተካው በዚያው አምፒር ብቻ ነው። አለበለዚያ በሚቀጥለው ሾርት ገመዱ ራሱ ፊውዝ ሆኖ መኪናው በእሳት ይያያዛል።

## ደረጃ 6፦ በመንገድ የሚባክን ቮልት

ብዙ ጤነኛ ዲናሞዎችን ከመጣል የሚያድነው ፍተሻ ይህ ነው። ብዙ ሰው ግን ይዘለዋል። ገመድ ከውጭ ሲያዩት ደህና ይመስላል፤ ውስጡ ግን ዝጎ ሊሆን ይችላል። በኦም ብትለኩትም ደህና ነው ይላችኋል፤ ምክንያቱም ኦም ሲለካ በገመዱ የሚያልፈው ኤሌክትሪክ ኢምንት ነው። ጉዳቱ የሚታየው ብዙ አምፒር ሲያልፍበት ብቻ ነው። ስለዚህ ሞተሩ እየሠራ፣ መብራትና ነፋስ በርቶ፣ በ1500 እና በ2000 ዙር መካከል ለኩ።

1. የፖዘቲቩ መንገድ። ቀዩን በዲናሞው ወፍራም ብሎን ላይ፣ ጥቁሩን በባትሪው ፖዘቲቭ ላይ አድርጉ። ማያዣውን ሳይሆን ራሱን የባትሪውን እርሳስ፣ ማለትም ከባትሪው የወጣውን ጉጥ ንኩ። እስከ 0.3 ቮልት ይፈቀዳል። ከዚያ በላይ ከሆነ በመካከል የላላ ወይም የዛገ ግንኙነት አለ።
2. የማሳው መንገድ። ቀዩን በባትሪው ነጌቲቭ እርሳስ ላይ፣ ጥቁሩን ቀለምና ቅባት በሌለው የዲናሞው አካል ላይ አድርጉ። ከ0.2 ማለፍ የለበትም። ካለፈ ከባትሪ ወደ ሞተር ብሎክ የሚሄደውን የማሳ ገመድ ፍቱ፤ ሁለቱንም ጫፍና የሚያርፍበትን ብረት ፈትጋችሁ አጥብቁ። ሞተር ወርዶ በተገጠመ መኪና ላይ ይህ ገመድ ሳይታሰር ወይም ቀለም ላይ ታስሮ መገኘቱ የተለመደ ነው።

ቁጥሩ ከፍ ካለ ዘንጉን ከግንኙነት ወደ ግንኙነት አንቀሳቅሱ። አንዱን ማያዣ ወይም ፊውዝ ስታልፉ ቁጥሩ በድንገት ከተለወጠ ጥፋተኛው ያ ቦታ ነው።

አንድ ጥንቃቄ አለ። ዲናሞው ጨርሶ የማያመነጭ ከሆነ በገመዱ የሚያልፍ የለምና ሁለቱም ልኬቶች ጥሩ መስለው ይታያሉ። ለዚህ ደግሞ ቮልቱን በዲናሞው ብሎንና በዲናሞው አካል መካከል ለኩ። እዚህ 14 ወይም 15 እያለ ባትሪው ላይ 12.3 ከሆነ ዲናሞው ሥራውን እየሠራ ነው፤ ጥፋቱ የገመዱ ነው። እዚህም 12.3 ከሆነ ወደሚቀጥለው ደረጃ ሂዱ።

## ደረጃ 7፦ የመቀስቀሻው ሽቦ

ሞተሩን አጥፉ። ዲናሞው ላይ ያለውን ትንሽ ሶኬት ንቀሉ። የሶኬቱን መያዣ ጫን ሳትሉ አትጎትቱት፤ ያረጀ ፕላስቲክ በቀላሉ ይሰበራል። ውስጡን በእጅ ባትሪ እዩ። አረንጓዴ የሆነ፣ የተቃጠለ ወይም ወደ ኋላ የሸሸ ፒን አለ?

በብዙ መኪናዎች ሶኬቱ ላይ ወይም ዲናሞው አካል ላይ የፒኖቹ ፊደል ተጽፏል። ቁልፉን ኦን አድርጉና ጥቁሩን ዘንግ ማሳ አስነክታችሁ በቀዩ ለኩ።

- «ኤስ»፦ ቁልፉ ኖረም አልኖረም የባትሪ ቮልት ሊኖረው ይገባል። ከሌለ ፊውዙን ፈልጉ።
- «አይ ጂ»፦ ቁልፉ ኦን ሲሆን ብቻ የባትሪ ቮልት ይኖረዋል። ከሌለ ፊውዙን፣ ቀጥሎ ሽቦውን ተከተሉ።
- «ኤል»፦ ከዳሽቦርዱ መብራት የሚመጣው ነው። አምፖል ባላቸው ቆየት ያሉ መኪናዎች የሶኬቱን «ኤል» ፒን በቀጭን ሽቦ ማሳ ብታስነኩት የባትሪ መብራቱ መብራት አለበት። ካልበራ አምፖሉ ወይም ሽቦው ነው። ከበራ መንገዱ ሰላም ነው፤ ጥያቄው ወደ ዲናሞው ውስጥ ይዞራል።

«ኤል»ን ማሳ የማስነካቱን ፍተሻ ኮምፒውተር የሚቆጣጠረው ዲናሞ ላይ አትሞክሩት። እነዚህ ሶኬቶች ላይ ያለው ቀጭን ሽቦ መልእክት ማስተላለፊያ ነው፤ ሾርት ማድረግ ኮምፒውተሩን ሊጎዳ ይችላል። እዚያ በስካነር የኮምፒውተሩን የብልሽት ኮድ ማንበብ ይሻላል። የፒኖቹን ትርጉም ካላወቃችሁም በግምት ምንም አታገናኙ።

ሶኬቱን መልሱና አንድ ቀላል ፍተሻ ጨምሩ። ቁልፉ ኦን፣ ሞተሩ ግን ጠፍቶ እያለ የካቻቪቴውን ብረት ከዲናሞው ጀርባ መሐል፣ ኩሽኔታው ካለበት አጠገብ አስጠጉ። ወደ ብሎኑ እንዳይጠጋ ተጠንቀቁ። ብረቱን ሳብ ካደረገው መግነጢሱ ተቀስቅሷል፤ ካርቦኑና ሬጉላተሩ ቢያንስ ኤሌክትሪክ እያሳለፉ ነው ማለት ነው። ሽቦዎቹ ሁሉ ደህና ሆነው ምንም ካልሳበ ካርቦኑን ወይም ሬጉላተሩን ጠርጥሩ። ኮምፒውተር የሚቆጣጠራቸው ዲናሞዎች ሞተሩ ሳይነሳ ላይቀሰቀሱ ስለሚችሉ እነሱ ላይ ይህ ፍተሻ አያስተማምንም።

## ደረጃ 8፦ ዳዮዶቹ

መብራት ይርገበገባል? ሬዲዮ ውስጥ ከሞተሩ ዙር ጋር የሚጨምር ፉጨት አለ? መኪናው ካደረ በኋላ ዲናሞውን ስትነኩት ለብ ይላል? የዳዮድ ምልክቶች ናቸው።

መዞሪያውን ኤሲ (ተለዋዋጭ) ቮልት ላይ አድርጉ። መጀመሪያ ሞተሩ ጠፍቶ ባትሪውን ለኩ። ዜሮ ማሳየት አለበት። አንዳንድ ርካሽ ቴስተር እዚህ ላይ 25 ወይም 28 ያሳያል፤ ዲሲውን ከኤሲ መለየት ስለማይችል ነው፤ ለዚህ ፍተሻ አይሆንምና ሌላ ተዋሱ። ዜሮ ካሳየ ሞተሩን አስነሱ፤ መብራትና ነፋስ አብሩ፤ እንደገና ለኩ። ከ0.1 በታች ከሆነ ጥሩ ነው። ከ0.5 ካለፈ ዳዮድ ተበላሽቷል። ብልሹ ዳዮድ ቻርጁን ይቀንሳል፤ ሌሊት ደግሞ ባትሪውን ያወርዳል። ስለዚህ ሁለት የተለያየ ችግር የሚመስለው አንድ ሊሆን ይችላል።

## ደረጃ 9፦ አሁን መፍታት ይቻላል

እስከዚህ ድረስ ቺንጊያው ደህና፣ ገመዱ ደህና፣ የመቀስቀሻው ሽቦ ደህና ሆኖ ዲናሞው ካልሞላ ጥፋቱ የሱ ነው።

1. የባትሪውን ነጌቲቭ ንቀሉና ወደ ጎን አርቁት።
2. የቺንጊያውን አዟዟር በስልካችሁ ፎቶ አንሱ።
3. ሶኬቱንና ወፍራሙን ገመድ ፍቱ። ቺንጊያውን አላልታችሁ አውርዱ።
4. ዲናሞውን የያዙትን ብሎኖች ፍቱ። ከባድ ነው፤ በሌላው እጃችሁ ደግፉት።

በአንዳንድ የናፍጣ ሞተሮች ላይ የፍሬኑ ቫኪዩም ፓምፕ ከዲናሞው ጀርባ ታስሯል፤ የዘይት ቧንቧም አለው። ከፓምፑ የሚያፈስ ዘይት ካርቦኑን ያበላሸዋል። ዘይቱ ሳይቆም ካርቦን መቀየር ልፋት ብቻ ነው። ስትመልሱም ቧንቧዎቹን በትክክል ካላሰራችሁ ፍሬናችሁ ይደነድናል።

ፑሊውን በእጅ አሽከርክሩ። አሸዋ የገባበት ያህል ከሻከረ ወይም ወደ ጎን ከተወዛወዘ ኩሽኔታው አልቋል። የኋላውን ሽፋን ከፍታችሁ ካርቦኖቹን እዩ። አዲሶቹ ከ1 ሴንቲሜትር አካባቢ ይጀምራሉ። 5 ሚሊሜትር ከደረሱ እኔ ብሆን እቀይራቸዋለሁ፤ ከተከፈተ አይቀር። ካርቦኑ የሚያርፍባቸው ሁለት የሚሽከረከሩ የመዳብ ቀለበቶች ከጠቆሩ በጣም በላመ የብርጭቆ ወረቀት ዙሪያቸውን አጽዱ። ጥልቅ ቦይ ካወጡ ግን ማጽዳት አያድናቸውም።

ቴስተሩን ኦም ላይ አድርጉና በሁለቱ ቀለበቶች መካከል ለኩ። በብዙ ዲናሞዎች ከ2 እስከ 5 ኦም ይሆናል። ምንም ካላሳየ የሽቦው ጥቅል ተበጥሷል። ከአንዱ ቀለበት ወደ መሐል ዘንጉ ስትለኩ ግን ምንም ማሳየት የለበትም፤ ካሳየ ማሳ ነክቷል።

ብዙ ጊዜ ካርቦንና ሬጉላተር አንድ ላይ ናቸው፤ ተቀይረው ዲናሞው ይድናል። ሲገጠም ካርቦኑን ወደ ውስጥ ገፍታችሁ በቀጭን ሽቦ ያዙት፤ ከገባ በኋላ ሽቦውን ሳቡ። በግድ ከተጫነ ካርቦኑ ይሰበራል፤ ዲናሞውም መልሶ አይሞላም። ሙሉውን የምትቀይሩ ከሆነ አሮጌውንና አዲሱን ጎን ለጎን አስቀምጡ። የብሎን ቀዳዳው፣ የሶኬቱ ቅርጽ፣ የፑሊው ስፋትና የቦዮቹ ቁጥር፣ አምፒሩም መመሳሰል አለበት።

## ደረጃ 10፦ ገጥሞ ማረጋገጥ

ወፍራሙን ገመድ በደንብ አጥብቁ። እዚህ ላይ የላላ ብሎን ይግላል፤ ፕላስቲኩን አቅልጦ ዲናሞውን ይገድላል። የጎማ ቆቡን መልሱ። ቺንጊያው በሁሉም ፑሊ ቦይ ውስጥ መግባቱን በጣት ዳስሱ። ባትሪው በቻርጀር የሞላ ይሁን። ነጌቲቩን መጨረሻ ላይ እሰሩ።

ደረጃ 4ን ድገሙ። ቀጥሎ ደረጃ 6ን ድገሙ፤ አዲስ ዲናሞ ከአሮጌው በላይ ስለሚያመነጭ ተደብቆ የነበረ የገመድ ድክመት አሁን ሊወጣ ይችላል። አሁንም ካልሞላ ተመልሳችሁ ደረጃ 7ን ሥሩ። ሶኬቱ «ቀጭ» ብሎ ገብቷል?

## የባትሪ መብራቱ መንገድ ላይ ቢበራ

መጀመሪያ የሙቀት መለኪያውን እዩ። በብዙ መኪና ያው ቺንጊያ የውሃ ፓምፑን ያዞራል። ሙቀቱ እየወጣ ከሆነ ወይም መሪው በድንገት ከከበደ ቺንጊያው ተበጥሷል። ጥግ ይዛችሁ ሞተሩን ወዲያው አጥፉ፤ ትንሽ ልንዳ ማለት ሞተር ያቃጥላል።

ሙቀቱም መሪውም ፍሬኑም ደህና ከሆኑ ኤሲን፣ ነፋስን፣ ሬዲዮንና የስልክ ቻርጀርን አጥፉ። ሞተሩን አታጥፉ፤ ዳግም ለማስነሳት የሚፈጀው ብዙ ነው። ወደ ቅርቡ መካኒክ ሂዱ። ማታ ከሆነ ግን የፊት መብራት አጥፍቶ መሄድ አይታሰብም። መብራቱ ሲደበዝዝ መንገድ ለቃችሁ ቁሙ።

## ሁሉም ደህና ሆኖ ባትሪው ካደረ የሚወርድ ከሆነ

ይሄ የቻርጅ ችግር አይደለም። መኪናው ቆሞ እያለ ከባትሪው ኤሌክትሪክ የሚመጥ ነገር አለ። በሮቹን ዝጉ፤ ኮፈኑ ክፍት ይሁን፤ ቁልፉን አርቁ። ኮምፒውተሮቹ እስኪተኙ 30 ደቂቃ ያህል ጠብቁ፤ አንዳንድ መኪና ከዚያ በላይ ይፈልጋል።

የባትሪውን ነጌቲቭ ንቀሉ። ቀዩን ዘንግ ወደ 10 አምፒር ቀዳዳ አዛውሩና መዞሪያውንም አምፒር ላይ አድርጉ። ቴስተሩን በነጌቲቩ እርሳስና በተነቀለው ገመድ መካከል አስገቡ። መኪናው እንደገና ነቅቶ ይሆናልና ቁጥሩ እስኪረጋ ታገሡ። በዚህ መሐል ሞተር ማስነሳትም ሆነ ቁልፍ ኦን ማድረግ የለም፤ ቴስተሩ ይቃጠላል። በብዙ መኪና ከ0.05 አምፒር በታች ከሆነ ጤነኛ ነው። ከዚያ በላይ ከሆነ ፊውዞችን አንድ በአንድ እየነቀላችሁ ቁጥሩን ተመልከቱ። አንዱን ስትነቅሉ በድንገት ከወረደ ሌባው በዚያ መስመር ላይ ነው፦ የማይጠፋ የሻንጣ መብራት፣ በኋላ የተገጠመ ሬዲዮ ወይም ጂፒኤስ ሊሆን ይችላል። የትኛውም ፊውዝ ካላወረደው ዋና መስመሩን ለዩ፤ ነጌቲቩ እንደተነቀለ ወፍራሙን ገመድ ከዲናሞው ፍቱና ጫፉን በላስቲክ ጠቅልሉት፤ ከዚያ እንደገና ለኩ። አሁን ከወረደ የሚመጠው የዲናሞው ዳዮድ ነው። ስትጨርሱ ቀዩን ዘንግ ወደ ቮልት ቀዳዳው መልሱ።